የምድር ባቡር ውልና አዲስ የተነሣ መንግሥት ፈተና

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን፣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወጡት መንገዶች በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ያልፋሉ። ከሦስቱ ከተሞች መካከል ወደ ባሕር የሚወርደው ሐዲድ መነሻ የሆነችው ሰበታ ናት። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ አዲስ የተነሣ መንግሥት በጦር ሜዳ ያገኘውን ክብር በውልና በብድር ጊዜ እንዴት ሊጠብቀው ይችላል የሚለውን ጥያቄ ነው።

ዐፄ ምኒልክ ሐዲዱን ለማሠራት ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የዐድዋ ድል ሲገኝ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ላኩ። ይሁን እንጂ አገሪቱ ለሐዲዱ የሚበቃ ገንዘብ አልነበራትም። የፈረንሳዩ ኩባንያ ገንዘብ ሲያጥረው የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች ገቡበት። በ1894 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው ድጎማ ሰጥቶ እጁን ባስገባ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የንግዱ ውል የመንግሥታት ጉዳይ ወደ መሆን መዞሩን አይተው ተቆጡ። ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ለዓመታት ቆመ።

በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ፣ ምኒልክ ያልፈረሙበትን ስምምነት ተፈራረሙ። እስከ አዲስ አበባ ያለውን ሐዲድ ለፈረንሳይ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ሊሠራ የሚችለውን ለእንግሊዝ ደለደሉት። ምኒልክ ጽሑፉ ሲቀርብላቸው፣ ሥልጣናቸውን በምንም እንደማይገድብ በመግለጽ መለሱ። የፈረንሳዩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ የእንግሊዙ ግን በወረቀት ቀረ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ በሰበታ ተመለሰ። ከዚያ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ በኢትዮጵያ በኩል ላለው ክፍል አብዛኛውን ገንዘብ ያበደረውም የቻይና ኤግዚም ባንክ ነው። ራሷም አዲስ የተነሣች ኃይል የሆነችው ቻይና የአበዳሪን ፈተና አየች፦ ተበዳሪው መክፈል ሲቸገር፣ የ10 ዓመቱ የመክፈያ ጊዜ ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም መስማማቷ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ተነገረ።

ሁለቱ ዘመናት አንድ አይደሉም። በ1899 ዓ.ም. ሌሎች ስለ ኢትዮጵያ ተዋዋሉ፤ በ2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ራሷ ተደራደረች፤ የሐዲዱም ባለቤቶች እርስዋና ጅቡቲ ናቸው። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም፤ ነገር ግን ዕዳው የሚከፈለው በውጭ አገር ገንዘብ ነው። አገሪቱ ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብሪክስ አባል ሆናለች። በእኛ አስተያየት ግን የአንድ መንግሥት ኃይል በማኅበር አባልነት ብቻ አይለካም። ውሉን ማን አረቀቀው? ባቡሩ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ዕዳውን የሚከፍለው ምርትስ ከየት ይጫናል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከአገር ውስጥ መልስ ሲገኝ፣ በዐድዋ የተገኘው ነፃነት በሐዲዱም ላይ ጸና ለማለት እንደፍራለን።