የሮበርት ዋያት ሕይወትና የሙዚቃ ሥራ

ሰው የሚታወቅበትን ሙያ በድንገት ባጣ ጊዜ ሥራው ሁሉ አብሮ ያለቀ መስሎ ይታያል። ይህ ግምት ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለመመርመር የእንግሊዛዊውን ሙዚቀኛ የሮበርት ዋያትን ታሪክ መርጠን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ዋያት በ1945 በብሪስቶል ከተማ ተወለደ፤ ትምህርቱንም በካንተርበሪ ተከታተለ። በ1966 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «ሶፍት ማሺን» የተባለውን የሙዚቃ ጓድ አቋቋመ። ይህ ጓድ «ፕሮግሬሲቭ ሮክ» ለሚባለው የሙዚቃ ዓይነት መንገድ ከከፈቱት አንዱ ነው። የዚህም ሙዚቃ ጠባይ የሮክን ዘፈን ከጃዝና ከሌላም ስልት ጋር እያዋሐዱ፣ አንዱን ዜማ በሦስት ደቂቃ በመጨረስ ፈንታ የሸክላውን ገጽ እስኪሞላ ድረስ ማስረዘም ነው። ጓዱ በ1968 ከዝነኛው ጊታር መቺ ከጂሚ ሄንድሪክስ ጋር አሜሪካን ሲዞር ዋያት ድራም መቺም ዘፋኝም ነበረ።

ነገር ግን ጓዱ እየዋለ እያደረ ወደ ጃዝ ስላዘነበለ ቃል ያለበትን ዘፈን እየተወ ሄደ። በ1970 በወጣው ሦስተኛው ሥራቸው ላይ «ሙን ኢን ጁን» የተባለው የዋያት ዘፈን አንዱን ገጽ ብቻውን ይዞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ድምፁ በጓዱ ዘንድ ስፍራ አጣ። በዚያው ዓመት በገዛ ስሙ የመጀመሪያውን ሸክላ አሳተመ፤ በ1971ም ከጓዱ ተለየ። አዲስ ያቋቋመውንም ጓድ «ማቺንግ ሞል» ብሎ ሰየመው። ይህም ኅብረ ቃል ያለበት ስም ነው፤ ፍቺው ሌላ ቢሆንም ሲሰሙት የ«ሶፍት ማሺን»ን የፈረንሳይኛ ትርጉም ይመስላልና።

ሰኔ 1 ቀን 1973 ለንደን ውስጥ በአንድ ግብዣ ላይ ሰክሮ ሳለ ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ ነገር ግን የጀርባ አጥንቱ ስለ ተሰበረ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ሽባ ሆነ። ድራም በእጅ ብቻ ሳይሆን በእግርም የሚመታ ስለ ሆነ የቀድሞ ሙያው በዚያች ሌሊት ቀረ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 28 ዓመት ብቻ ነበረ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ በዚህ ጊዜ ወዳጆቹ አልተለዩትም። በኅዳር 1973 «ፒንክ ፍሎይድ»ና የተለየው «ሶፍት ማሺን» ለእርሱ መርጃ የሚሆን የሙዚቃ ትርኢት በለንደን አሳዩ። እርሱም በሆስፒታል ሳለ ባገኘው ፒያኖ ከአደጋው በፊት በቬኒስ የጀመራቸውን ዜማዎች ማሰናዳት ቀጠለ። ከእነዚህም «ሮክ ቦተም» የተባለው ሥራው ወጣ። የአዘጋጅነቱን ሥራ የያዘው የ«ፒንክ ፍሎይድ» ድራም መቺ ኒክ ሜሰን ነው፤ ትራምፔቱን የነፋውም ከአፓርታይድ አገር ወጥቶ በስደት ይኖር የነበረው ደቡብ አፍሪካዊው ሞንጌዚ ፌዛ ነው። ሸክላው ሐምሌ 26 ቀን 1974 ለገበያ ሲውል ዋያት በዚያው ዕለት አልፍሬዳ ቤንጅን አገባ። እርሷም የሸክላዎቹን ሽፋን የምትሥል፣ በኋላም ለዘፈኖቹ ግጥም የምትደርስ የሥራ ባልንጀራው ሆነች።

በዚህ ሥራ ላይ ድራሙ ወደ ኋላ ብሎ ድምፁ ወደ ፊት ወጣ። ያ ቀጭንና ኀዘን ያዘለ ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ቃሉን ትቶ እንደ ትራምፔት ያዜማል። የቀድሞው ጓድ ያልፈለገው ድምፅ አሁን የሥራው ሁሉ መሠረት ሆነ። በዚያው ዓመት ሌላ ዘፈኑ ተወዳጅ ስለ ሆነ ወደ ቴሌቪዥን ተጠራ፤ አዘጋጁ ግን ተሽከርካሪ ወንበሩ ለተመልካች እንዳይታይ ፈለገ። ዋያት አልተስማማም፤ በወንበሩም ላይ እንደ ተቀመጠ ዘፈነ።

ስምንት ዓመት ቆይቶ በ1982 ብሪታንያና አርጀንቲና በፎክላንድ ደሴቶች ምክንያት በተዋጉ ጊዜ፣ ክላይቭ ላንገር ዜማውን፣ ኤልቪስ ኮስቴሎ ግጥሙን የደረሱትን «ሺፕቢልዲንግ» የተባለውን ዘፈን አዜመ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሥራ የጠፋበት የመርከብ ሠሪዎች ከተማ በጦርነቱ ምክንያት እንጀራው ይመለስለታል፤ ዳሩ ግን አባቶች በሚሠሩት መርከብ ተሳፍረው ወደ ሞት የሚሄዱት የገዛ ልጆቻቸው ናቸው። ይህን የመሰለውን መራራ ነገር ያለ ጩኸት ለመናገር የዋያት ድምፅ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላም «ዶንደስታን»ን በ1991፣ «ሽሊፕ»ን በ1997፣ «ኮሚኮፔራ»ን በ2007 አሳትሞ በ2014 ሙዚቃ መሥራት ማቆሙን አስታወቀ።

እንግዲህ መከራ ሰውን ታላቅ ያደርገዋል ብሎ መደምደም ስሕተት ይመስለናል። ድምፁ ከአደጋው በፊት የነበረ ነው፤ ዜማዎቹም አስቀድመው ተጀምረው ነበር። የተጨመረው ነገር የሚስቱና የወዳጆቹ እርዳታ፣ እንዲሁም በቀረለት ለመሥራት የቈረጠው አሳብ ነው። ስለዚህ መምህር በተማሪው፣ የመሥሪያ ቤት አለቃም በሠራተኛው ላይ «ይህ ሰው ከእንግዲህ አይረባም» ብሎ ከመፍረዱ በፊት፣ በሰውየው ዘንድ ሳይፈለግ የቀረ ሌላ ሀብት እንዳለ አስቀድሞ ይመርምር።