የ«ጦቢያ» ነጋዴ
ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ. ም. በሮማ ያሳተሙትና በኋላ «ጦቢያ» የተባለው «ልብ ወለድ ታሪክ» በአማርኛ ልብ ወለድ ድርሰት ዘንድ የመጀመሪያው ነው። ተራኪው ዓይኑን የጣለው በጦሩ አለቃ መማረክ፣ በመንታ ልጆቹ በዋሕድና በጦቢያ መከራ፣ በፍጻሜውም በአረመኔው ንጉሥ ማመንና በሠርጉ ላይ ነው። የታሪክ መርማሪ ግን ብቅ ብሎ የሚያልፈውን ነጋዴ ሊመረምር የሚገባው ይመስለኛል። (ደራሲው ራሳቸው ነጋድራስ የተባሉት ከዚህ በኋላ ነው።)

ይህ ሰው ለማያውቀው ምርኮኛ የመዋጃ ገንዘብ ሰጠ፤ ተራኪውም ደግነቱን አወደሰ። ይሁን እንጂ ደግነቱ በገንዘብ ሊፈጸም የቻለው ለሰው ዋጋ ተቈርጦለት ስለ ነበረ ነው። ጦርነቱ ክርስቲያኑንና አረመኔውን ቢለያይም ገንዘብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። ዋሕድም የአባቱን ውለታ ሊመልስ ነጋዴውን ፍለጋ ሲወጣ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ። እንግዲህ አባትየው የተዋጀበትና ልጁ የተሸጠበት ገበያ አንድ ነው። የተራኪው ኀዘን ዋሕድን ይከተላል፤ ከእርሱ በፊትና በኋላ ከተሸጡት ጋር ግን ታሪኩ አብሮ አይሄድም። ለእነዚያ በ1916 ዓ. ም. ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ዐዋጅ ታወጀ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን መጽሐፉ ከታተመ ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ1934 ዓ. ም. ነው።