በሬው፣ ፈረሱና ሥራ አስኪያጁ

«ሥራ አስኪያጅ» የሚለውን ቃል ለመፍታት መጀመሪያ «ሄደ»ን መፍታት ያስፈልጋል። የቀድሞ ጸሐፍት «ኼደ» ብለው ይጽፉት ነበር፤ ግዕዙ «ኬደ» ነው፣ ረገጠ ማለት። «ከ» በአማርኛ ላልታ ወደ «ኸ»፣ ከዚያም ወደ «ሀ» ብትሸሽም «አስኬደ»፣ «ተካሄደ»፣ «አካሄድ» ላይ ተመልሳ ብቅ ትላለች። ግዕዝ «አኬደ» ሲል ደግሞ አውድማ ላይ በሬ እየነዱ እህል ማስረገጥን፣ እኛ ማበራየት የምንለውን ማለቱ ነው። ስለዚህ ወንበርና ማኅተም ያለው የዛሬው ሥራ አስኪያጅ የሩቅ ዘመዱ ጅራፍ ይዞ ከበሬ ኋላ የሚዞር ገበሬ ነው።

እንግሊዝኛውም ከከብት አልራቀም። «ማኔጅ» እ.ኤ.አ. በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከጣሊያንኛ ሲገባ ፈረስ መግራትን ነበር የሚናገረው፤ ሥሩ «ማኖ»፣ እጅ ነው። ልጓም የጨበጠ እጅ።

ሌሎቹ የሙያው ቃላት ደግሞ ከዚህ የባሰ ታሪክ አላቸው። «ፕሮጀክት» በላቲን ወደ ፊት የተወረወረ ማለት ሲሆን፣ ዳንኤል ዴፎ ስለ ፕሮጀክቶች መጽሐፍ ባወጣበት እ.ኤ.አ. በ1697 «ፕሮጀክተር» የሚባለው አዲስ ሐሳብ አለኝ እያለ የሰው ገንዘብ የሚያሰባስብ፣ እምብዛም የማይታመን ሰው ነበር። «ዴድላይን» ደግሞ ከእስር ቤት የወጣ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1864 በአሜሪካዋ ጆርጂያ፣ አንደርሰንቪል በተባለው የጦር ምርኮኞች ካምፕ፣ እስረኛ ካለፈው በጥይት የሚመታበት መስመር። የእኛ «ቀነ ገደብ» ቢያንስ ደም የለበትም።

የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ስለመምራት የተጻፉት ጥሩዎቹ መጻሕፍት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከእነዚህ ቃላት ጋር የተደረጉ ሙግቶች ናቸው። በአይቢኤም የኦኤስ 360ን ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የተነሳው «የሰው ወር» (አንድ ሰው በአንድ ወር የሚሠራው ሥራ) በሚለው የሒሳብ መለኪያ ላይ ነው። ሰውና ወር ይቀያየራሉ ብሎ ማሰብ ያው የአውድማው ሒሳብ ነው፤ በሬ ሲጨመር ክምሩ ቶሎ ያልቃል። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ግን መነጋገር አለባቸው። ሦስት ሲሆኑ መነጋገሪያው መንገድ ሦስት ነው፣ ዐሥር ሲሆኑ 45። አዲሶቹን ማሠልጠኑም የነባሮቹን ጊዜ ይበላል። በዚህ ምክንያት ነው በዘገየ ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል ያለው። ቶም ዴማርኮና ቲሞቲ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት «ፒፕልዌር» ደግሞ ክርክሩ ወደ ሰው ዞረ፤ ፕሮጀክት የሚወድቀው በአብዛኛው በቴክኒክ ጉድለት ሳይሆን በሰዎች ጉዳይ ነው አሉ። የቢሮ ጫጫታንና የስልክ ጥሪን ሳይቀር አንሥተው ተከራከሩ።

እዚህ ላይ የአማርኛው ሰዋስው ሳያስበው ቀድሟቸዋል። «ሥራ አስኪያጅ» ሲባል ተሳቢው ሥራው ነው፤ የሚሄደውም ሥራው እንጂ ሰው አይደለም። ለሰው ሌላ ግሥ አለን፦ «አስተዳደረ»። የመጣው ከ«አደረ» ነው፤ ቤተሰብ አስተዳደረ ስንል ኑሮው ሳይጓደል እንዲያድር አደረገ ማለታችን ነው። አሁን ግን የሥልጠና ሰነዶቻችን «ማኔጅመንት»ን ለሁለቱም ይጠቀሙበታል፤ ሠራተኛውም መርሐ ግብሩም በአንድ ቃል ይጠቀለላሉ። የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ስለመምራት በአማርኛ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው የጊዜና የወጪ ምዕራፎቹን በ«ማስኬድ»፣ ስለ ቅጥር፣ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ መልቀቅ የሚያወሩትን በ«ማስተዳደር» ሥር ቢያደርጋቸው አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገውም።