ለጨዋታ ኮምፒውተር የሚሆን ፓወር ሰፕላይ አመራረጥ

ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ ሶኬት የሚያገኘውን ኃይል ኮምፒውተር ወደሚጠቀምበት 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ኮምፒውተር የሚያስገጥሙ ብዙዎች ገንዘባቸውን በግራፊክስ ካርድ ላይ አውለው ለዚህ ክፍል የተረፈውን ይመድባሉ፤ ይህ ግን ውሎ አድሮ ካርዱን ጭምር ሊያሳጣ ይችላል።

መጠኑ በዋናነት የሚወሰነው በግራፊክስ ካርዱና በፕሮሰሰሩ ፍጆታ ነው። ለአብነት እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ የቀረበው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ብቻውን 450 ዋት የሚፈልግ ሲሆን፣ አምራቹ ቢያንስ የ850 ዋት ፓወር ሰፕላይ እንዲኖር ይመክራል። ልዩነቱ ብክነት አይደለም። ካርዱ ለሽራፊ ሰከንድ ከመደበኛው በላይ ኃይል ስለሚስብ፣ በጠባቡ የተመረጠ መሣሪያ በጨዋታ መሀል ድንገት ሊጠፋ ይችላል።

በሳጥኑ ላይ በጉልህ ከተጻፈው ድምር ዋት ይልቅ በጎኑ በተለጠፈው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱን መስመር አቅም ማንበብ ይበጃል፤ የርካሽ ምርቶች ጉድለት የሚታየው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የ80 ፕላስ ምልክትም የኃይል ብክነትን ማነስ እንጂ የዕቃውን ጥንካሬ አያረጋግጥም።

ከአሜሪካ የሚላኩ አሮጌ መሣሪያዎች ከኋላቸው ቀይ የቮልቴጅ መምረጫ ሊኖራቸው ይችላል። መምረጫው 115 ላይ እንዳለ በኢትዮጵያ የ220 ቮልት መስመር ላይ የተሰካ ፓወር ሰፕላይ ወዲያውኑ ይቃጠላል።