ጠላቂዎቹና እግረኞቹ

ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ አሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር ነበር። ጣሊያኖች በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሠርተውት ወና ቀርቶ ሳለ፣ ‹‹የስዊስ ኩባንያ ነን›› ያሉ ሰዎች በ320 ሺሕ ዶላር ለሦስት ዓመት ተከራዩት። የአየር ሲሊንደር ደረደሩ፣ የባሕር ጠለቃ አሠልጣኝ አመጡ፣ ብሮሹር አሳትመው አውሮፓ ላይ በተኑ። እንግዳውም መጣ።

ኩባንያው የሞሳድ ነበር። አሠልጣኞቹም እንዲሁ።

ትምህርቱ ግን የውሸት አልነበረም። 10 ሜትር ሲወረድ ግፊቱ ውጭ ካለው እጥፍ ይሆናል። ጥልቅ ቦታ የቆየ ጠላቂ በአንድ ጊዜ ልውጣ ቢል፣ ሰውነቱ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሠርቶ ሽባ ሊያደርገው፣ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ እየቆመና እየጠበቀ ነው የሚወጣው። ይህን የማያውቅ ሰው ‹‹አሠልጣኝ ነኝ›› ብሎ ብዙ ቀን አይዘልቅም። ጠለቃ ለሽፋን የተመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጀልባና ዕቃ የሞላበት ቦታ ማንንም አያስገርምም። የመጥለቂያ ዕቃ ክፍሉ ለእንግዳ ዝግ ነበር፤ ሬዲዮኑ የተደበቀው እዚያ ነውና።

ማታ ማታ አሠልጣኞቹ ይጠፋሉ። ከገዳሪፍ አካባቢ ካምፖች ቤተ እስራኤሎችን በጭነት መኪና ጭነው ወደ ባሕሩ ያመጣሉ፤ ከዚያ በጎማ ጀልባ ወደ እስራኤል መርከብ። በኅዳር 1981 የመጀመሪያዎቹ 164 ሰዎች በዚህ መንገድ ሄዱ። በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ዳርቻው ላይ ተኩስ ከፈቱና ሥራው ወደ በረሃ ማረፊያና ወደ ሄርኩለስ አውሮፕላን ዞረ። ኒሜሪ በሚያዝያ 1985 ሲወድቁ አሩስም ተዘጋ።

ይህ ታሪክ በ2019 ፊልም ሆነ። እኛም አየነው። ጠላቂዎቹ ፊልሙን ሞልተውታል፤ እግረኞቹ ግን የሚጫኑ ሰዎች ብቻ ይመስላሉ።

እውነታው ሌላ ነው። መንገዱን ካስጀመሩት አንዱ ፈረደ አክሉም የሚባል የትግራይ ቤተ እስራኤል መምህር ነው። ከደርግ ሸሽቶ ሱዳን ገባ፤ ‹‹እርዱን›› ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሞሳድ የመጣው ደብዳቤውን ተከትሎ ነው። የእሱን መልእክት የሰሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ወረዱ። በመንገድና በካምፕ 4 ሺሕ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ያንን ጉዞ ያሠለጠናቸው ማንም አልነበረም።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስንወጣ የምናገኛት ወለቃ ከእነዚህ ሰዎች መንደሮች አንዷ ነበረች። ዛሬ የሸክላ አንበሳ ገዝተን፣ ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን። ‹‹ለምን ሄዱ?›› ስንባል ‹‹ኢየሩሳሌምን ናፍቀው›› እንላለን። እውነት ነው፤ ትውልድ ሲናፍቃት ኖሯል። ግን ርስት ተከልክለው፣ በሠሩት ማረሻ እያረስን፣ በሠሩት ድስት እየበላን ‹‹ቡዳ›› ያልናቸውም እኛው ነን። ፊልሙ ይህን አልነገረንም፤ እንዲነግረንም አንጠብቅ። የሆሊውድ ሥራ አይደለም፤ የእኛ ነው።

በሚቀጥለው ወለቃ ስንሄድ ዋጋ ከመከራከራችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፤ እዚህ ቤት ማን ይኖር ነበር?