ትንፋሽ ቆጣሪዋ

ኑ፣ ቀረብ በሉ። የምተርክላችሁ የልጅ ሕመም ታሪክ ነው። ከነገሥታት ግቢ ይነሣል፣ በደንቢያ ሜዳ ያልፋል፣ ኮሶዬ ላይ ካለ አንድ ጎጆ ይደርሳል። ልጅ የወለደም፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድግም ይስማኝ።

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 1770 ነው። በጎንደር ዙፋን ላይ ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ተቀምጠዋል፤ ሥልጣኑ ግን ያለው በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነው። እቴጌ ምንትዋብ አርጅተው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቁስቋም ላይ ባሠሩት ግቢ ይኖራሉ። በዚያ ዓመት ፈንጣጣ ገባ። ፈንጣጣ ጌታና ሎሌ አይለይምና የእቴጌይቱን ቤተሰብም አልማረም። የልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ልጅ ሳይቀር አልጋ ላይ ዋለ።

በዚያው ሰሞን ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ጎንደር ደርሶ ነበር። ሐኪም ነው ተባለና ወደ ቁስቋም ተጠራ። ራሱ እንደ ጻፈው፣ መጀመሪያ ያደረገው በርና መስኮቱን ማስከፈት ነበር። ከዚያም ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ኮንፉ የተባለው የወይዘሮ አስቴር ልጅ ተረፈ። በፈንጣጣው ከታመሙት ግን ያልተረፉም ነበሩ። ብሩስ ንጹሕ አየር ከማስገባትና ከማስታመም በላይ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። ፈንጣጣን የሚፈውስ መድኃኒት በዓለም ላይ ፈጽሞ አልነበረም፤ እንግሊዛዊው ጄነር ክትባቱን የሞከረውም ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1796 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አገር ያዘዙ፣ ቤተ መንግሥት ያስገነቡ፣ ቤተ ክርስቲያን የተከሉ እቴጌ የልጅ ልጃቸው ሲታመም ከጸሎትና ከእንባ በቀር መድኃኒት አልነበራቸውም።

ያ ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ ምድር የጠፋው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ያጠፋውም ክትባት ነው፤ ክትባቱን ይዘው አገር ላገር፣ ቤት ለቤት የዞሩ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ዘመን ለእኛ የቀረበ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ከጣና በስተ ሰሜን በተዘረጋው የደንቢያ ሜዳ ወባ ወረርሽኝ ሆኖ ተነሣ። ከ7 ሺህ በላይ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ወባ ሲነሣ ይበልጥ የሚጎዳው አቅም የሌለውን ነውና ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች የመከራው ግንባር ቀደም ናቸው። መድኃኒቱ ግን በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ነበረ። የጠፋው መድኃኒቱን ከገበሬው ደጃፍ የሚያደርስ ሰው ነው።

ያ ሐዘን ፍሬ አፈራ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እዚያ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን አንድ ላይ አሠለጠነ፤ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወጡም አደረገ። ወረርሽኙ በፈጀው ደንቢያ፣ ቆላ ድባ ላይ፣ ተማሪዎቹ ከሕዝቡ መካከል ገብተው ተማሩ። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ሐኪም ባልደረሰበት በብዙ ወረዳ «ዶክተር» ተብሎ የሚጠራው የጎንደር ጤና መኮንን ሆነ።

ሦስተኛው ዘመን የእኛ ነው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ተጀመረ። ከየቀበሌው 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ተመርጠው ለአንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ ሁለት ሁለት ሆነውም ወደ ቀበሌያቸው ተመለሱ። በመላ አገሪቱ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ እስከዚያ ድረስ ለጤና ጣቢያ ብቻ የተተወውን የሕፃናት ሳንባ ምች እነሱ ራሳቸው በጤና ኬላ እንዲያክሙ ተፈቀደ። በ2004 ዓ.ም. የሳንባ ምች ክትባት፣ በ2006 ዓ.ም. ከባዱን ተቅማጥ የሚከላከለው የሮታ ክትባት ተጨመሩ። የሆነውን በቁጥር ልንገራችሁ። በ2000 እ.ኤ.አ. ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት 67 ሆኑ። ዛሬ በየሰፈሩ የሚሯሯጡ፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ስንት ልጆች የዚያ ልዩነት ናቸው! ግን 67ም ብዙ ነው። በእያንዳንዱ ቁጥር ውስጥ አንዲት እናት አለች።

አሁን ወደ ኮሶዬ እንውጣ።

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ የምታገኟት ደጋ ናት። በአንድ በኩል የገብስና የባቄላ ማሳ ነው። በሌላው በኩል ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ገደል ይሆናል፤ ከገደሉ ሥር ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ቆላ ይታያል። ጭላዳ ከአፋፉ ላይ ሣር ይነጫል። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከገደሉ እየተነሣ ደጅ ድረስ ይመጣል። ለብርዱ ሲባል በር ይዘጋል፣ ምድጃው ቤት ውስጥ ይነዳል፣ ጭሱ መውጫ ያጣል። እናትም ልጇን አዝላ እሳቱ ዳር ትጋግራለች። የልጅ ሳንባ የሚጎዳው እንዲህ ባለው ቤት ነው።

እንዲህ ያለውን ቤት የማያውቅ ደገኛ የለም፤ የማወራውም የአንድ ሰው ሳይሆን የብዙ ቤት ነገር ነው። ቤቱ ውስጥ እናት አለች፣ አማት አሉ፣ የ10 ወር ልጅ አለ። አባት ገበያ ሄዷል።

«እማማ፣ ሲያስለው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ጡቱን እንደ ወትሮው አልያዘልኝም» አለች እናት።

«ምች ይሆናል ልጄ። ዳማከሴ ጨምቄ እቀባዋለሁ። አባቱ ይምጣና ይመከርበት፤ ለዛሬ ይደር» አሉ አማት።

አማት ክፉ ሰው አይደሉም። ሰባት ወልደው አራት ያሳደጉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሕፃን አቅፈው የሚያድሩ ሴት ናቸው። እሳቸው ልጅ በሚያሳድጉበት ዘመን ከዳማከሴና ከጠበል ሌላ በአቅራቢያ የሚገኝ ነገር አልነበረም። «ይደር» ማለት ያን ጊዜ ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው ቃል ነበር። እናት ግን የልጁን ሆድ አየችው፤ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። አዘለችውና ወደ ጤና ኬላ ወጣች። አማትም ነጠላቸውን ደርበው ተከተሏት።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የሰፈር ልጅ ናት። «እማማ፣ አንቱ አረፍ ይበሉ፤ እኔ መጀመሪያ ትንፋሹን ልቁጠረው» አለች።

ልጅ እያለቀሰ ትንፋሹ አይቆጠርም፤ እየጠባም አይቆጠርም። እናት ጭኗ ላይ አስተኝታ አባበለችው። ዝም ሲል ልብሱን እስከ ደረቱ ሰበሰበችለት። ባለሙያዋ ሰዓቷን ከፍታ ዓይኗን ከሆዱ ላይ አላነሣችም። ሆዱ ከፍ ሲል አንድ፣ ደግሞ ከፍ ሲል ሁለት። ግማሽ ደቂቃ ቆጥራ በሁለት አላባዛችም፤ ሙሉ አንድ ደቂቃ ጠበቀች። 58 ሆነ።

«እማማ፣ ይኸ ሳንባ ምች ነው» አለች። «ከ2 ወር በታች ያለ ልጅ በደቂቃ 60 ከተነፈሰ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ያለው 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጥኗል እንላለን። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።»

የሳንባ ምቹን መድኃኒት፣ አሞክሳሲሊኑን፣ በማንኪያ አሟሙታ የመጀመሪያውን እዚያው አስዋጠችውና እናቱን እንዲህ አለቻት፦ «ጧትና ማታ፣ ለ5 ቀን። ነገ ቢስቅ፣ ቢጫወት እንኳ እንዳታቋርጪው። ጡቱን ቶሎ ቶሎ ስጪው። በ2 ቀን ውስጥ መልሰሽ አምጪልኝ። ከዚያ በፊት ከባሰበት ግን ቀኑን አትጠብቂ።»

አማት ዝም ብለው ቆዩና ጠየቁ። «ጎረቤታችን ያለው ሕፃን ያስቀምጠዋል። የወተት ጥርሱ ነው፣ ይነቀል ይላሉ። ምን ትያለሽ ልጄ?»

«አይነቀል እማማ። ድዱ ውስጥ ያለው ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው፤ ተቅማጥ አያመጣም። ባልተቀቀለ መሣሪያ ሲቆፈር ግን ይደማል፣ ይመረቅዛል። እንጥል ማስቆረጥም እንደዚያው ነው። ተቅማጥ ልጅን የሚገድለው ውሃውን ጨርሶ ነው። ኦአርኤስ ከሚባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው በትንሽ በትንሹ ያጠጡት፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉት። ዚንክ የሚባለውን መድኃኒት ከኛ ይውሰዱ፣ በየቀኑ ለ10 ቀን ይሰጠዋል። ጡትና ምግብ አይከልከል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ደም ካስቀመጠው ወይም ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላው ቶሎ ይምጡ።»

እንግዲህ እኔ እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባና የቀረውን ልጨምር።

ኮሶዬ ደጋ ናት፤ ወባ እዚያ አይበዛም። ነገር ግን የደጋ ሰው ለአጨዳና ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ አንዳንዱም ልጁን ይዞ ይወርዳል። የደጋ ልጅ ወባን የለመደ ሰውነት የለውም፤ ሲይዘው ይበረታበታል። ስለዚህ ከቆላ የተመለሰ ልጅ ካተኮሰው «ቆላ ሰንብቶ ነበር» ብላችሁ ንገሩ፤ ያቺ አንዲት ቃል የደም ምርመራ ታስደርጋለች። አንገቱ የደረቀ ልጅ ከሆነ ግን የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላልና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የቀላ ዓይንና ሳል አንድ ላይ ከመጡ ኩፍኝ ይሆናል። «ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ከቤት አይወጣም» የሚለው ልማድ ሌሎች ልጆች እንዳይያዙ ይጠቅማል፤ ወደ ሕክምና ከመሄድ ግን ማገድ የለበትም። ኩፍኝ ሳንባ ምችና ዕውርነት ሊያስከትል ይችላል፤ ጤና ኬላ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ዓይኑንም ነፍሱንም ይጠብቃል። ክትባቱ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ሁለተኛውን አትርሱ።

የአራስ ቤት ልጅ ነገር ለብቻው ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰው፣ ገላው ከቀዘቀዘ፣ መጥባት ካቆመ ወይም እትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ አንድ ሰዓት አይጠበቅም። እትብት ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ባለሙያ ያላዘዘው ነገር አይደረግም።

ሁሉም ሳል ግን አያስሮጥም። አፍንጫው የሚዝረከረክ፣ የሚያስለው፣ ግን የሚጠባ፣ የሚጫወት፣ ትንፋሹ ያልፈጠነ ልጅ የያዘው ጉንፋን ነው። ቤት ይቆይ፣ ይሙቀው፣ ምግብ የጀመረው ትኩስ ነገር ይጠጣ፤ ከጭሱ ብቻ ይራቅ። ማር ግን 1 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። ከሌላ ልጅ የተረፈ መድኃኒትም አይሰጥም። ሳሉ 14 ቀን ካለፈ ይታይ።

በየትኛውም ዕድሜ፣ በየትኛውም ሕመም፣ አራት ምልክቶች ሲታዩ ምክክር የለም፤ መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ ማንቀጥቀጥ፣ ሲጠሩት አለመንቃት። ከእነዚህ አንዱ የታየበት ልጅ ሌሊትም ቢሆን፣ በአምቡላንስም በባጃጅም በቃሬዛም ቢሆን፣ ይወሰድ። የጤና ኬላዋ ባለሙያ ሪፈር ከጻፈች ደግሞ ወረቀቱ ኪስ ውስጥ አይደር።

ጠበሉስ? ልጁ ጠበሉን ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ይዋጥ። የደብሩ ካህንም ይህንኑ ቢሉ ከማንም በላይ ይሰማሉ፤ እናት ሐኪም ከማግኘቷ በፊት የነፍስ አባቷን ታገኛለችና።

ይህን ሁሉ የተረክሁላችሁ ለአንድ ነገር ነው። በቁስቋም እቴጌይቱ ሁሉ ነገር ነበራቸው፣ መድኃኒት ግን አልነበረም። በደንቢያ መድኃኒት ነበረ፣ የሚያደርሰው ሰው አልነበረም። ዛሬ መድኃኒቱም አለ፣ የምትሰጠውም ሴት በቀበሌው አለች። አሁን በልጁና በሕይወቱ መካከል የቀረው ያቺ «ይደር» የምትባል ቃል ናት። ቃሏ ከአማት አፍ ትወጣለች፣ ከባልም ትወጣለች፤ ብዙ ጊዜ ግን «አባቱ ሳይመጣ እንዴት እሄዳለሁ» ብላ ከምትፈራው እናት ልብ ትወጣለች። ሳንባ ምች ግን ገበያ የወጣን ሰው አይጠብቅም።

ስለዚህ አባቶች፣ ዛሬ ማታ እራት ስትቀርቡ አንድ ነገር ተናገሩ፦ «ልጁ ከታመመ እኔን አትጠብቂ፤ ሂጂ።» የመጓጓዣውን ብር የት እንደምታስቀምጡ አሳዩዋት። አማቶች፣ «እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ፣ ውሰጅው» በሉ። እናቶች ደግሞ ትንፋሹ መፍጠኑን ካያችሁ ማንንም ሳታስፈቅዱ ተነሡ። ልጁን ቀንና ሌሊት የምታየው እናት ናትና፣ ውሳኔውም የእሷ ይሁን።