ሹመቱ ከካንቤራ፣ ቤቱ ኪንግስተን

ኖርፎልክ ደሴት ከአውስትራሊያ ጠረፍ ወደ ምሥራቅ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ውቅያኖስ መሐል ተቀምጣለች። ስፋቷ 35 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2021 ቆጠራ 2,188 ሰው ተገኝቶባታል (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ክርስቲያን፣ ኩዊንታል፣ አዳምስ፣ በፌት የሚሉት የቤተሰብ ስሞች እጅግ ስለሚደጋገሙ የስልክ ማውጫው ሰዉን በቅጽል ስሙ ጭምር ይመዘግባል። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅባት በዚህች ደሴት ላይ ነው እንግዲህ አስተዳዳሪ ከውጭ የሚሾመው። ሿሚው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ገዢ ነው፤ የአስተዳዳሪው አለቃ ደግሞ ካንቤራ ያለው ሚኒስትር።

የአስተዳዳሪው መኖሪያ በ1829 እስረኞች በደሴቲቱ ኪንግስተን ላይ የገነቡት የድንጋይ ቤት ነው። ያኔ ደሴቲቱ የእስረኞች ወህኒ ነበረችና የወህኒው አዛዦች ኖረውበታል። ወህኒው ከተዘጋ በኋላ በ1856 በ«ባውንቲ» መርከብ ላይ ያመፁት መርከበኞችና የታሂቲ ሴቶች ዘሮች፣ 194 ሰዎች፣ ከፒትኬርን ደሴት መጥተው ሰፈሩ። ደሴቲቱን ንግሥት ቪክቶሪያ ሰጥታናለች ይላሉ፤ ካንቤራ ግን ይህን አትቀበልም። የኋላው ንትርክ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

አውስትራሊያ ደሴቲቱን በ1914 ስትረከብ የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ማይክል ቪንሰንት መርፊ ሆነ። ከ1979 ጀምሮ ግን ዘጠኝ አባላት ያሉት የራሷ ምክር ቤት ተቋቋመላት፤ በብዙ ጉዳይ አስተዳዳሪው የሚፈርመው የደሴቲቱ ሹማምንት የመከሩትን ሆነ። ነዋሪውም ለካንቤራ የገቢ ግብር አይከፍልም ነበር። ያ ዘመን ያለቀው ገንዘብ ሲያልቅ ነው፤ ቱሪስት ቀነሰ፣ የደሴቲቱ ካዝና ተራቆተ። በ2015 ካንቤራ ምክር ቤቱን አፈረሰችው። የአስተዳዳሪው ወንበር ግን ባለበት ቆየ። በ2016 በምክር ቤቱ ፈንታ የማዘጋጃ ቤት ዓይነት ጉባኤ ሲተካ፣ የገቢ ግብሩም አብሮ መጣ። ቅሬታ ያደረባቸው ደሴተኞች ኪንግስተን በሚገኘው የቀድሞ ምክር ቤት ግቢ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ።

ለእኔ የነገሩ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የሹመቱ ስም መቶ ዓመት አልተለወጠም፤ ክብደቱ ግን ካንቤራ እንዳሻት ሲጨምርና ሲቀንስ ኖሯል። ጭራሽ በ2021 ጉባኤውም ታገደና የእሱን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው ተሾመ፤ ማዕረጉም ያው «አስተዳዳሪ» ነበር። በዚያ ዓመት ኖርፎልክ ላይ «አስተዳዳሪው ጋ ሄጄ ነበር» ያለ ሰው፣ የትኛው ጋ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም ነበር።